አንድ ዛፍ በሁለት በጋ

በገሊላ የወይራ ለቀማ የሚጀመረው የመጀመሪያው ዝናብ ቅጠሉን ካጠበ በኋላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እኛ አገር ዶፍ በሚወርድበት ወራት፣ እዚያ ከሰማይ ጠብ የሚል ነገር የለም። ቅጠሉ አቧራ ለብሶ፣ ፍሬው በጠራራ ፀሐይ ዘይቱን እያጠራቀመ ይከርማል። በጋ የሚሉት ይህንን ነው። ጥቅምት ሲጋመስ ዝናቡ አንድ ሁለት ቀን ይጥልና አቧራው ይታጠባል፤ የጠወለገው ፍሬ ይሞላል፤ መንደሩም መረብና ዘንግ ይዞ ልጅ አዋቂ ሳይል ወደ ማሳው ይወጣል። ራማ የደረስኩት በዚህ ሰሞን ነበር።

ራማ ከአኮ በካርሚኤል በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከተራራ ግርጌ ያለች የዐረቦች ከተማ ናት። ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ክርስቲያኖችና ድሩዞች ናቸው። በወይራ ዘይቷ ስሟ ከጥንት ጀምሮ የተጠራ ነው። እዚያ ያደረሰኝ የእማማ ልጅ ነው። እማማ የምላቸው ጎንደር ሳለን ከእናቴ ጋር ቡና ሲጠራሩ የኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል የተሻገሩ፣ ዛሬ አፉላ የሚኖሩ እናት ናቸው። የወይራ ዘይት ነገር ልጠይቅ መምጣቴን ስነግራቸው፣ «ታዲያ እዚህ ምን ይሠራልሃል ልጄ? ራማ ይውሰድህ። ዘይት ከመጭመቂያው አፍ ካልቀመስከው ምኑን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። እሳቸው ከጎንደር እንደመጡ ዘይቱ ይመርራቸው ነበር፤ ዛሬ ያለ እሱ ሰላጣ አይቀርብላቸውም።

መጭመቂያ ቤቱ በር ላይ ፒክአፕ መኪኖች በጆንያና በፕላስቲክ ሳጥን ፍሬ ጭነው ተራ ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ፍሬውን የሚያስጨምቀው ለብቻው ነው። የሌላ ሰው ፍሬ እንዳይቀላቀልባቸው ሳጥናቸው ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ አዛውንት አየሁ። ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። የሚያውደው ግን ገበያ ላይ የማውቀው የዘይት ሽታ አልነበረም፤ አሁን የታጨደ ሣር፣ በእጅ የታሸ የቲማቲም ቅጠል ይሸታል። ፍሬው ቅጠሉ በነፋስ ይለይለትና ታጥቦ ከነፍሬ አጥንቱ ይደቅቃል። የደቀቀው ገንዳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በዝግታ እየታሸ ይቆያል። አንድ ወጣት ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ላይ አይነቅልም፤ ከ27 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው የሚጠብቀው። ቢያሞቁት ብዙ ዘይት ይወጣል፤ መዓዛው ግን ይተንናል። ከዚያ ሴንትሪፊዩጁ ውሃውን፣ ገለባውንና ዘይቱን ይለያያቸዋል። በመጨረሻ ከቀጭን ቧንቧ ጫፍ አረንጓዴና ድፍርስ ያለ ዘይት መውረድ ይጀምራል።

የቤቱ ባለቤት ጠፍጣፋ ዳቦ ቆርሰው ቧንቧው ሥር አደረጉና ሰጡኝ። አፌ ውስጥ ሲገባ እንደ ጌሾ መረረኝ። ስውጠው ደግሞ ጉሮሮዬን ለበለበው፤ ሳልኩ። ሰውየው ፊታቸው በራ። የእማማ ልጅ ከዕብራይስጥ እየመለሰልኝ፣ «ያሳለው ጥሩ ስለሆነ ነው፤ የማያስል ዘይት ወይ ያረጀ ነው ወይ ከመጀመሪያውም ጉልበት የሌለው ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጉሮሮ የሚለበልበው ኦሌኦካንታል የሚባል ውህድ ነው። ጌሪ ቦሻምፕ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሲሲሊ ውስጥ አዲስ የወይራ ዘይት ሲቀምስ ጉሮሮው ላይ የተሰማው ስሜት ፈሳሽ አይቡፕሮፌን ሲዋጥ የሚሰማው ያው ስሜት ሆነበት። በ2005 ከባልደረቦቹ ጋር ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ውህዱ እንደ አይቡፕሮፌን ሁሉ የሰውነት መቆጣትን የሚያስነሱ ኤንዛይሞችን እንደሚገታ አሳዩ። ኦሌኦካንታል ከፖሊፌኖሎች ወገን ነው፤ ምሬቱም የሚመጣው ከእነሱው ነው። ፖሊፌኖል ዘይቱን ከአየርና ከጊዜ የሚጠብቅ ዘበኛ ስለሆነ፣ የሚመር ዘይት ዕድሜው ረጅም ነው። ከባዕድ አገር የሚመጣ ለስላሳ፣ ቢጫ፣ ምንም የማይል ዘይት ለለመደ ምላስ ይህን መቀበል ይከብዳል። እኔ ግን ከራማው ጉርሻ በኋላ የማይመር የወይራ ዘይት ጎደሎ ሆኖብኛል።

ዝርያው ሱሪ ይባላል፤ ስሙ ከጢሮስ ጋር የተያያዘ፣ የሊባኖስንና የገሊላን ኮረብታዎች ለብዙ ዘመን የያዘ የአካባቢው ነባር ዛፍ ነው። መስኖ አያውቅም፤ ክረምት የጠጣውን ውሃ ይዞ በጋውን ይዘልቃል። አንድ ዓመት አፍርቶ አንድ ዓመት ያርፋል። ሰውየው ሱሪያቸውን በብዙ ነገር ያሙታል። ምርቱ ያንሳል፣ ለማሽን ለቀማ አይመችም፣ የወይራ ዝንብ ይወደዋል። በጣም በሞቀ በጋ ዝንቧ ትቀንስላቸዋለች፤ ሙቀት ለክፉ ብቻ አይመጣም። «ታዲያ ለምን አይለውጡትም?» ስላቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «ሱሪ ራማ ሲተከል ይህንን ይሰጣል። ይህንኑ ዛፍ ቤት ሼን ወስደህ ብትተክለው የሚሰጥህ ሌላ ነው። ዛፉ ያው ነው፤ በጋው ነው ያው ያልሆነው።»

ከዚያ በኋላ ባየሁት ሁሉ ላይ ይህ ንግግር አብሮኝ ነበር። ሰውየው ከአባታቸው የተማሩትን ነው የተናገሩት፤ የሳይንስ ጥያቄም ሆኖ ቁልጭ ያለ ነው። የወይራ ዝርያ የሚጠበቀው በፍሬው አይደለም። ከፍሬው የበቀለ ችግኝ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ገበሬ ጥሩ ዛፍ ሲያገኝ ቅርንጫፉን ቆርጦ ይተክላል፣ ወይም በሌላ ግንድ ላይ ያጣብቀዋል። በዚህ መንገድ አንድ ዛፍ ለብዙ መቶ ዓመታት፣ በብዙ አገር፣ ራሱን ሳይለውጥ ይኖራል። ኢየሩሳሌም ደብረ ዘይት ሥር፣ ጌቴሴማኒ ውስጥ ያሉትን ስምንት አሮጌ ዛፎች የጣሊያን ተመራማሪዎች መርምረው በ2012 ያስታወቁት ነገር ይህንን ያሳያል። የሦስቱ ግንድ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የበቀለ ነው፤ የስምንቱም ዲኤንኤ አንድ ነው። ስምንቱን የተከለው ማንም ይሁን ማን ቅርንጫፉን የቆረጠው ከአንድ ዛፍ ነበር። የአገራችን ምዕመናን በእጃቸው ዳስሰዋቸው የሚመለሱት እነዚያ ግንዶች አንድ አካል ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ዝርያ በሁለት ቦታ ተተክሎ ሁለት ዓይነት ዘይት ከሰጠ፣ ልዩነቱን ያመጣው ዛፉ ሊሆን አይችልም። የሚቀረው አፈሩ፣ ውሃው፣ የሚለቀምበት ጊዜና አየሩ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ገበሬው እጁን ሊያስገባበት የማይችለው አየሩ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከአፉላ ወደ ቤት ሼን ወረድን። መንገዱ ጊልቦዓን፣ ዳዊት በሳኦልና በዮናታን ሞት አዝኖ ጠልና ዝናብ የነፈገውን ተራራ፣ በቀኝ እያስቀረ ይሄዳል። መሬቱ እየሰጠመ አየሩም እየከበደ መጣ። ቤት ሼን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ቤትሳን የምትባለው፣ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ነው የምትገኘው። ከእሷ በስተደቡብ፣ ቲራት ጽቪ በተባለው ኪቡትስ፣ በሰኔ 1942 የሙቀት መለኪያው 54 ዲግሪ ማሳየቱ በመዝገብ ሰፍሯል። ኅዳር ሊገባ ደርሶ እንኳ መስኮት ሳንከፍት መጓዝ አልቻልንም። ግራና ቀኙ የቴምር ዛፍና የዓሣ ኩሬ ነው። በመካከል በመካከል የወይራ ማሳ ብቅ ይላል፤ ቅጠሉ እንደ ገሊላው ብርማ ነው፣ ግንዱ ያው ነው፣ ሩቅ ቆሞ ለሚያየው ልዩነት የለውም።

ልዩነቱ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። የእስራኤል የግብርና ምርምር ድርጅት፣ በተለምዶ ቮልካኒ የሚባለው ማዕከል፣ ተመራማሪዎች በ2020 ያሳተሙት ጥናት የራማውን ሰውዬ አባባል ለፈተና ያቀረበ ያህል ነው። አምስት ዝርያዎችን፣ የአገሬውን ሱሪ፣ እዚያው አገር የወጣውን ባርኔአ፣ የግሪኩን ኮሮኔይኪ፣ የጣሊያኑን ኮራቲና፣ የፈረንሳዩን ፒሾሊን፣ በጋው እሳት በሆነበት ቦታና በጋው ለዘብ ባለበት ቦታ አስቀምጠው ፍሬያቸውን ተከታተሉ። ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ የተቋቋመ አንድም ዝርያ አልተገኘም፤ ሆኖም የእያንዳንዱ ጉዳት የየራሱ ነበር። ባርኔአ የፍሬውን ክብደትም የዘይቱን መጠንም ሳያስነካ ወጣ። ኮራቲናና ፒሾሊን ፍሬያቸው ከሳ፣ የዘይት ድርሻቸው ግን አልወረደም። ኮሮኔይኪና ሱሪ በሁለቱም ተጎዱ፤ በደረቅ ፍሬያቸው ውስጥ ያለው ዘይት የኮሮኔይኪው በ15፣ የሱሪው በ8 በመቶ ቀነሰ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባርኔአን ትከሉ፣ ሱሪን ንቀሉ የሚል ምክር ይወጣው ነበር። የዘይቱ ጥራት ሲመረመር ግን ከአምስቱ ሙቀቱን በተሻለ የታገሠው ሱሪ ሆኖ ተገኘ። መጠን ያጣው ዛፍ ጥራቱን ጠበቀ።

ይህን ሳነብ የተሰማኝ ደስታ የወገንተኝነት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ በላይ አድርጌ ነው የማየው። ነባር ዝርያ ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። አንድ ዛፍ በኪሎና በሊትር ብቻ ሲለካ የሚታየን ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሚታየው ጠርሙሱ ሲከፈት፣ ያውም ከወራት በኋላ ነው። ለዚህም ነው ለቀማው ሲያልቅ ከሚመዘነው ይልቅ በቀጣዩ ፋሲካ የሚቀመሰው የሚበልጥብኝ።

ሙቀት ዘይቱን እንዴት እንደሚለውጠው ማወቅ ለሚፈልግ፣ ነገሩ ያለው ኦሌይክ አሲድ ላይ ነው። የወይራ ዘይት ትልቁ ክፍል እሱ ነው። በቀላሉ ከአየር ጋር ስለማይዋሐድ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርገዋል። ሊኖሌይክ አሲድ ደግሞ ከእሱ አሥር እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይበላሻል። ዛፉ ዘይት የሚያጠራቅመው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ሙቀቱ ሲበረታ ኦሌይኩ ይወርዳል፣ ሊኖሌይኩና ፓልሚቲክ የሚባለው ሌላ አሲድ ይወጣሉ። ይህን በጥንቃቄ የለኩት አርጀንቲናውያን ናቸው። ፍሬ የያዘን ቅርንጫፍ እዚያው ዛፉ ላይ እንዳለ በሚያሳይ ፕላስቲክ ሸፍነው፣ የእያንዳንዱን ሙቀት ከ16 እስከ 32 ዲግሪ እየለያዩ አቆዩት። በ2014 ባወጡት ውጤት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ መጠን በ1.1፣ ኦሌይኩ በ0.7 የመቶኛ ነጥብ ወረደ። ትንሽ ይመስላል። ግን በራማና በቤት ሼን መካከል፣ ወይም በዛሬው በጋና በልጅ ልጆቻችን በጋ መካከል ያለውን ልዩነት ማባዛት ነው።

አርጀንቲናውያኑ ይህን ያጠኑት ወድደው ብቻ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ አገራቸው፣ ካታማርካና ላ ሪዮሃ በተባሉ ሞቃታማ ግዛቶች፣ አርቤኪና የተባለውን የስፔን ዝርያ በብዛት ተክለዋል። አርቤኪና የካታሎኒያ ልጅ ነው፤ በትውልድ ቦታው ኦሌይኩ 70 በመቶ ገደማ ነው። እዚያ ሲሄድ ግን ወደ 50ዎቹ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ዋና መሥሪያ ቤቱ ማድሪድ የሆነው ዓለም አቀፍ የወይራ ምክር ቤት ዝቅተኛ ወሰን አድርጎ ካስቀመጠው ከ55 በመቶ በታች ይገኛል። በንጹሕ እጅ የተለቀመ፣ በዚያው ቀን የተጨመቀ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ዘይት ላቦራቶሪ ሲገባ የወይራ ዘይት አይደለህም የሚል መልስ ሊደርሰው ይችላል ማለት ነው።

የባርኔአም ዕጣ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ይህን ዝርያ መርጠው ያወጡት እስራኤላዊው ተመራማሪ ሺሞን ላቬ ናቸው፤ ስሙም የሲና በረሃውን ቃዴስ በርኔን ያስታውሳል። አውስትራሊያውያን በሰፊው ተከሉት። ዘይቱ ውስጥ ያለው ካምፔስቴሮል የተባለ ንጥረ ነገር ግን ምክር ቤቱ ካስቀመጠው የ4 በመቶ ጣሪያ ያልፋል። ካምፔስቴሮል የበዛበት ዘይት የሌላ ቅባት እህል ዘይት ተቀላቅሎበታል ተብሎ ነው የሚጠረጠረው። አውስትራሊያ በ2011 የራሷን ደረጃ አውጥታ ጣሪያውን 4.8 አደረገችው። ቁጥጥሩ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። የወይራ ዘይት ማጭበርበር የቆየ በሽታ ነው፤ ወሰን ከሌለ አታላይ ይነግሣል። ግን ወሰኑ የተሰመረው የሜዲትራኒያንን አየር ተመን አድርጎ ነው። ያ አየር ራሱ ከቦታው እየተንቀሳቀሰ ባለበት ዘመን፣ ታማኙን ገበሬ ከአጭበርባሪው የሚለይ ሌላ መንገድ አብሮ ካልተበጀ፣ በደሉ የሚያርፈው ሞቃት አገር ላይ ባለው ገበሬ ነው።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ኔጌብ የሄድነው ከቤት ሼን በኋላ ነው። ነቲቮት የእኛው ሰዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ የእማማ እህት እዚያ አሉ። ከነቲቮት ወደ ቤርሳቤህ ሲኬድ የቮልካኒ ማዕከል የደቡብ ጣቢያ የሆነው ጊላት ይገኛል። በዙሪያው ያለው መሬት በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሆኖም ወይራው እንደ አጥር ተሰድሮ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ ጥቁር የጠብታ መስኖ ቧንቧ ተዘርግቷል። በአብዛኛው የሚያጠጡት ከከተማ ወጥቶ የተጣራ ውሃ ነው፤ አገሪቱ ከፍሳሿ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን እያጣራች ለእርሻ ታውላለች። ለቀማው በዛፎቹ ላይ እየተራመደ ፍሬውን በሚያራግፍ ማሽን ነው። ራማ አንድ ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ የሚለቅመውን ማሽኑ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

አንድ አምራች ሁለት ዘይት ቀዱልኝ። የሚቀመስበት ብርጭቆ ሰማያዊ ነው፤ የዘይቱ ቀለም ዓይንን እንዳያታልል ተብሎ በዓለም ዙሪያ ቀማሾች የሚጠቀሙበት ነው። በመዳፍ ይሞቃል፣ አፉ በሌላው እጅ ይከደናል፣ ከዚያ ይሸተታል። አንዱ ከባርኔአ የተጨመቀ ነበር፤ ለስላሳ፣ የሙዝና የአልሞንድ ሽታ ያለው፣ ጉሮሮ ላይ ሹክ ብሎ የሚያልፍ። ሁለተኛው ኮራቲና ነበር። ኮራቲና የፑልያ ዝርያ ነው፤ በፖሊፌኖል ብዛቱ የታወቀ። ያ በረሃ ውስጥ ያደገው ዘይት መረረኝ፣ ለበለበኝ፣ ራማ እንዳለሁ ሆኜ ሳልኩ። አንድ ማሳ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ሙቀት ነው፤ ዝርያው ብቻ ተለያየ። ራማና ቤት ሼን ላይ ዛፉን አንድ አድርጌ አየሩን ነበር የማወዳድረው። እዚህ ደግሞ አየሩ አንድ ሆኖ ዛፉ ተለወጠ። ሁለቱ እውነቶች የሚሟሉት አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

አምራቹ ውሃውን እንደ መድኃኒት ነው የሚመጥኑት። ብዙ ያጠጡት ዛፍ ብዙ ይሰጣል፤ ፖሊፌኖሉ ግን ይቀንሳል፣ ዘይቱ ይለዝባል። የተጠማ ዛፍ በአንጻሩ ምሬቱን ያበዛል። በጣም ከተጠማ ደግሞ ፍሬው ተጨማድዶ ይቀራል። ስለዚህ በጋው ሲከፋ የሚያደርጉት ሁለት ነገር ነው። ውሃውን የፍሬው አጥንት ከሚጠነክርበት ጊዜ በኋላ በልክ ይቆጥባሉ፤ ለቀማውን ደግሞ ያስቀድማሉ። ገና አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ፍሬ ዘይቱ ጥቂት ነው፤ ፖሊፌኖሉና መዓዛው ግን ሞልቶ ነው የሚወጣው። «ከሙቀቱ ጋር አልታገልም፤ ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ለቅሜ እወጣለሁ» አሉኝ። ይህ ብልሃት የሚያዋጣው ግን ገዢው ለጥራት ሲከፍል ብቻ ነው፤ በሊትር ለሚሸጥ ሰው ቀድሞ መልቀም ኪሳራ ነው። የጥራት ነገር ከአየሩ ቀጥሎ የሚወሰነው ጠርሙስ በሚያነሳው እጅ መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

የዓለም ገበያም ይህን በቅርቡ አይቶታል። ከየትኛውም አገር በላይ የወይራ ዘይት የምታመርተው ስፔን በ2021/22 ወደ 1.5 ሚሊዮን ቶን አምርታ ነበር፤ ድርቅና ያለ ጊዜው የመጣ የአበባ ወራት ሙቀት ተደራርበውባት በ2022/23 ከግማሽ በታች ወረደች። ዋጋው ጣሪያ ነካ። ዋጋ ሲንር የሚጮኸው ስለ መጠኑ ነው። በዚያ ዓመት የተረፈው ዘይት ምን ዓይነት እንደነበር፣ የትኛው ዝርያ እንደጸናና የትኛው እንደላላ የሚናገር ሰው በጥቂቱ ነው የሰማሁት።

ነቲቮት የእማማ እህት ቤት እራት ላይ ወሬው ወደ አገር ቤት ዘይት ዞረ። እሳቸው የኑግ ዘይት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫቸው ውስጥ አለ። እንዲህ ሲያወሩ አንድ ነገር መጣብኝ፤ ኑግ ለሙቀት የሚሰጠው መልስ ከወይራ ጋር ተቃራኒ ነው። ወይራ ዘይቱን የሚያጠራቅመው በፍሬው ሥጋ ውስጥ ነው። ኑግ፣ ሱፍ አበባና መሰሎቻቸው ግን በዘራቸው ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ በእነዚህ ዘንድ ሙቀት ሲጨምር ኦሌይኩ ይወጣል፣ ሊኖሌይኩ ይወርዳል። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ የበቀለ ኑግ ሊኖሌይኩ ከ70 በመቶ ያልፋል። ህንድ ውስጥ፣ በሞቀው አየር፣ የሚበቅለው ደግሞ 50ዎቹ ውስጥ ነው፤ የጎደለውን ኦሌይክ ይሞላዋል። ልዩነቱ በከፊል የዝርያ ቢሆንም የአየሩ እጅ ከባድ ነው።

እናቶቻችን የኑግ ዘይት ቶሎ እንደሚከረፋ ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው በትንሽ በትንሹ እያስጨመቁ የሚጠቀሙበት። ምክንያቱ ያው ሊኖሌይኩ ነው። ደጋው እየሞቀ ሲሄድ የኑጋችን ዘይት ሳንነካው ሊለወጥ ነው፤ ምናልባት የመቆየት አቅሙ ይጨምር ይሆናል፣ ጣዕሙና ለሰውነት የሚሰጠው ግን ያው አይሆንም። ወይራም ከእኛ ጋር ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆመው፣ የወተት ዕቃ የምናጥንበት ዛፍ ከሜዲትራኒያኑ ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ሥር የሚመደብ ንዑስ ዘር ነው፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ለወፍ ነው የተተወው። ዘይታችን ግን ኑጉ ነውና ጥያቄውም የሚጀምረው ከእሱ ነው።

የቮልካኒ ተመራማሪዎች ያደረጉት ውድ መሣሪያ የሚፈልግ ነገር አልነበረም። አንድን ዝርያ በሁለት ቦታ አስቀመጡ፤ የሁለቱን ዘይት ጨምቀው ለኩ። የደጋ ቅባት እህሎችን የሚያጠናው የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል አለን። ጎጃም ደጋ ላይ የሚዘራውን አንድ የኑግ ዘር ከፍሎ ግማሹን እዚያው፣ ግማሹን ወደ በለስ ሸለቆ ወርዶ መዝራት ይቻላል። ሲታጨድ ገበሬዋም ተመራማሪውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ይቅመሱ፤ ከዚያ ላቦራቶሪው ቁጥሩን ይጨምርበት። የትኛውን ዘር ለየትኛው ቀበሌ እናቆይ የሚለው ውሳኔ ከዚያ በኋላ ይምጣ።